ፐዝሉን ትዘረግፈዋለች እንጂ አትገጥመውም

«እንደምን ሰነበቱ። ልጄ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሞልቷታል። እውነቱን ልናገርና፣ ስልክ እያየች ነው ያደገችው። ሥራ ሲበዛብኝ፣ ስታለቅስብኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ስልኩን እሰጣታለሁ። ቀስ እያለ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ደረሰ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቆርጬ ተነሣሁና ሦስት የእንጨት ፐዝል፣ ቁራጮች በየቦታቸው የሚገጠሙበት መጫወቻ፣ በአንድ ጊዜ ገዛሁላት፤ አንዱ ክብና ሦስት ማዕዘን የመሳሰሉ ቅርፆች ያሉት፣ አንዱ የእንስሳት፣ ሌላው 24 ቁራጭ ያለው ትልቅ ሥዕል ነው። ሦስቱንም ወለሉ ላይ ትዘረግፋቸዋለች። ትወረውራለች፤ ወደ አፏም ትወስዳለች። ‹እንዲህ ነው እኮ› ብዬ ላሳያት ስሞክር እጄን ትገፋኛለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ‹ስልክ› እያለች ታለቅሳለች። እኩያዋ የሆነችው የጓደኛዬ ልጅ ግን ቁጭ ብላ ትገጥማለች። ስልኩ አእምሮዋን ጎድቶት ይሆን? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል? ባለቤቴ ‹ስልኩን ስጫትና ሰላም እናግኝ› ይላል። በዚያ ላይ ሦስት ማዕዘኗ ጠፋች።
የሁለት ዓመት ልጅ እናት»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «እጄን ትገፋኛለች» የምትለዋን ነው። ፐዝሉን የጠላ ልጅ ፐዝሉን ይገፋል፣ ወይም ተነሥቶ ይሄዳል። ልጅሽ የገፋችው እጅሽን ነው። «ተዪኝ፣ እኔ ልሞክር» ማለቷ ነው፤ በቃል መናገር ስላልቻለች በእጇ ነገረችሽ። የምመክርሽ አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚነሣ ነውና ይህን ያዢልኝ።

በቅድሚያ ግን ፍርሃትሽ። ደብዳቤ አንብቤ ስለ ልጅ አእምሮ ልፈርድ አልችልም፤ በጻፍሽልኝ ውስጥ ግን የተጎዳ ልጅ አላየሁም። የምትዘረግፍ፣ የምትነክስ፣ የምትወረውር፣ እናቷ ስትቀድማት የምትቆጣ የሁለት ዓመት ልጅ ነው ያየሁት። ጊዜውም አላለፈም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን እንዲያዩ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። ሦስትና አራት ሰዓት ከዚህ በብዙ ያልፋል፤ መቀነስ አለበት። ግን ልጅሽ ያጣችውን ስታስቢ ስልኩ በወሰደው ሰዓት ውስጥ ሳይደረግ የቀረውን አስቢ፤ እጇ ያልነካውን፣ አንቺ ያላወራሻትን፣ እሷ ሞክራ ያልተሳሳተችውን። ያ ከዛሬ ጀምሮ ሊሟላ የሚችል ነው።

ስሟ ሲጠራ ዞር የማትል፣ የምትፈልገውን በጣቷ የማታመለክት፣ ሁለት ቃል አገናኝታ የማትናገር፣ ወይም ትችለው የነበረውን ነገር የተወች ከሆነ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪያት። ፐዝል መግጠም አለመግጠም ለዚህ መለኪያ አይሆንም። የጓደኛሽን ልጅም ለመለኪያ አታድርጊያት። እኩያ ቢሆኑም፣ ያቺ ልጅ ከዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ መጫወቻ በእጇ ይዛ ሊሆን ይችላል፤ ያንቺ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው።

አሁን ወደ መዘርገፉ። ልጅ ከማስገባት በፊት ማውጣትን ነው የሚማረው። ለማውጣት መያዝና መጎተት ይበቃል። ለማስገባት ግን ቁራጩን መያዝ፣ ማዞር፣ ሰሌዳው ላይ ካለው ጎድጓዳ ቦታ ጋር ማስተካከል፣ ከዚያም ልክ በጊዜው መልቀቅ ያስፈልጋል። ለትንሽ እጅ ደግሞ አስቦ መልቀቅ ከመያዝ ይከብዳል። ስለዚህ ልጅሽ ሰሌዳውን ስትገለብጠው ጨዋታውን ጀምራለች። ወደ አፏ መውሰዷም የእንጨቱን ጥንካሬና ጠርዝ የምታውቅበት መንገድ ነው፤ ቁራጩ ትልቅና ንጹሕ እስከሆነ ድረስ አያስደነግጥሽ።

ከሕፃናት ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት የማልረሳው አንድ ወንድ ልጅ አለ። ለሳምንታት ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ቁራጮቹን ከሰሌዳው ያወጣል፣ ባዶ ካርቶን ውስጥ ይጨምራል፣ ካርቶኑን ይገለብጣል፣ እንደገና ይለቅማል። ማናችንም አላስቆምነውም። አንድ ቀን ጠዋት ክቡን አነሣና ቦታው ላይ አሳረፈው። ቀጭ ብሎ ሲገባ እጁን ሰብስቦ ዝም ብሎ ተመለከተው። ከዚያ አወጣውና እንደገና ከተተው። እንደገና አወጣው። ያን ዕለት ካርቶኑን ዞር ብሎም አላየው። ለልጅሽም ባዶ ካርቶን ስጪያት፤ መዘርገፉ ቦታ ያገኛል፣ አንቺም ከሶፋ ሥር ከመልቀም ታርፊያለሽ።

ከሦስቱ ፐዝሎች ሁለቱን ዛሬውኑ አንሺያቸው። እኔን ብቻ አምነሽ አይደለም፤ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 36 ትንንሽ ልጆች አንድ ጊዜ 4፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል ሲጫወቱ ተመልክተዋል። 4 ብቻ ሲቀርብላቸው በያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ የተጫወቱበትም መንገድ ብዙ ዓይነት ነበር። ልጅሽ ፊት ሦስት ፐዝል ሲዘረገፍ ከሠላሳ በላይ ቁራጭ ወለሉን ሞላው ማለት ነው። በዚያ መሃል ትልቅ ሰውም ቢሆን የቱን እንደሚያነሣ ግራ ይገባዋል።

የሚቀረው የቅርፆቹ ፐዝል ነው። ለምን እሱ እንደሆነ ላስረዳሽ፤ ይህን ያወቀች እናት ልጇ የት ጋ እንደተቸገረች ወዲያው ይገባታል። ክብ በማንኛውም አቅጣጫ ቢያዝ ይገባል፤ ማዞር አይፈልግም። አራት ጎኑ እኩል የሆነው ካሬ በአራት አያያዝ ይገባል። ጎኖቹ እኩል የሆኑት ሦስት ማዕዘን በሦስት። ረዘም ያለው አራት ማዕዘን በሁለት ብቻ። የእንስሳቱ ፐዝል ላይ ያለው ፈረስ ግን አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ጭንቅላቱ በጭንቅላቱ፣ ጭራው በጭራው ቦታ ካልዋለ አይገባም። ለዓይን የእንስሳቱ ይቀላል፣ ለእጅ ግን ይከብዳል። ልጅ ክቡን አስገብታ ካሬው ላይ ብትቆም ሰንፋ አይደለም፤ አሁን ማዞር የሚባል አዲስ ነገር ገጥሟታል።

ባለ 24 ቁራጩ ደግሞ ከነዚህ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም። የተቆራረጠ ሥዕል መግጠም የመጣው ከጂኦግራፊ ትምህርት ነው፤ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በአገሮቹ ድንበር እየቆረጠ፣ ልጆች እየገጣጠሙ አገሮችን እንዲያውቁ ይሸጥ ነበር። የሚገጥመው ልጅ ሙሉውን ሥዕል በሐሳቡ መያዝ አለበት፤ ለየቁራጩ የተቦረቦረ ቦታ የለም። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን ባትችል አይገርምም። ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀምጪው። ባለ አራት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ አሥራ ሁለት ቁራጮቹን በየተራ አልፋ ስትሰለቻቸው ያን ጊዜ ይወርዳል።

በቅርፆቹ ላይ እጀታ ካለ ደስ ይለኛል። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የልጆች ቤት ከምትጠቀምባቸው ነገሮች አንዱ፣ በአንድ ረዥም እንጨት ላይ በተቦረቦሩ ቀዳዳዎች የሚገቡ፣ እጀታ ያላቸው 10 ሲሊንደሮች (ድብልብል እንጨቶች) ነበሩ። ልጁ እጀታውን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ያነሣል፤ በኋላ እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ከሁሉ የምወደው ግን ሌላውን ነው። አንዱን ሲሊንደር የማይመጥነው ቀዳዳ ውስጥ ከከተተው መጨረሻ ላይ ቤት ያጣ ሲሊንደር በእጁ ይቀራል። «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው የለም፤ እንጨቱ ራሱ ነገረው። ልጁም ተመልሶ ስሕተቱን ይፈልጋል።

ስልኩ ይህን አያደርግም። ልጅሽ በነካችው ቁጥር ያጨበጭብላታል፣ ይዘፍንላታል፣ ቀለም ይረጭላታል። እንጨት ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ደግሞ የሰው ድምፅ ይገባል። በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ከ10 እስከ 16 ወር ያሉ ልጆችና ወላጆቻቸው፣ 26 ጥንድ፣ በቤታቸው ሲጫወቱ የሚናገሩት ተቀረጸ። በሚጮኸውና በሚበራው የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ጊዜ ወላጆች ጥቂት ቃላት ብቻ ተናገሩ፤ መጫወቻው ስለሚያወራ እነሱ ዝም አሉ። የእንጨት ፐዝልና ቅርፅ መክተቻ በመሳሰሉት ጊዜ ብዙ አወሩ። ከሁሉ በላይ ያወሩት መጽሐፍ ሲያነቡ ነበር፤ ስለዚህ ከፐዝሉ ጎን የሥዕል መጽሐፍም ቢኖራት እወዳለሁ።

ከዚህ የምረዳው፣ ያንቺ ድምፅ የሌለበት የእንጨት ፐዝል ግማሹ ብቻ እንደሆነ ነው። እንዴት እንደምትቀመጪ በዝርዝር ልንገርሽ።

ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ጠግባ፣ ፊቷ ሲፈካ ወለሉ ላይ ከጎኗ ተቀመጪ። ሰሌዳውን ከክቡና ከካሬው ጋር ብቻ አቅርቢ፤ ሌሎቹ ቁራጮች አይታዩ። «ነይ እንግጠም» አትበያት። ክቡን ቀስ ብለሽ አንሺ፣ በጣትሽ ዙሪያውን ዳሰስ አድርጊው፣ መልሰሽ ክተቺው። በእጅሽ ስታሳዪ አፍሽ ዝም ይበል፤ ስታወሪ ደግሞ እጅሽ ይረፍ። በዚህ ዕድሜ እጅሽን ማየትና ቃልሽን መስማት አንድ ላይ ሲሆኑባት ሁለቱም ያመልጧታል። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ እሷ ገፋ አድርጊና እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊ።

ስትቸገር አትቅደሚያት። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አሥር ስትደርሺ አሁንም ካልሆነላት «ትንሽ አዙሪው» በያት። አልሆነም? ቤቱን፣ ማለትም ቁራጩ የሚገባበትን ቦታ፣ በጣትሽ አመልክቺ። አሁንም አልሆነም? ቁራጩን ሳይሆን ሰሌዳውን ትንሽ አዙሪላት፤ እጇን ሳትነኪ ቦታው ወደ እሷ ይመጣል፣ ማስገባቱም የራሷ ይሆናል። ይህ ዘዴ ለኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ዉድ፣ ጄሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች 21 የእንጨት ቁራጮች ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚረዳቸው ያጠና ነው። ያንን እገዛ ግንበኞች ሕንፃ ሲሠሩ ዙሪያውን ከሚያቆሙት መወጣጫ ጋር አመሳሰሉት። ግድግዳው እስኪቆም ይይዛል፣ ከቆመ በኋላ ይፈርሳል። ልጅሽ ክቡን በራሷ ከከተተች ለክቡ መወጣጫ አያስፈልጋትም፤ እጅሽን አንሺና ወደ ካሬው ሂጂ።

የምታወሪው ጥያቄ አይሁን። «ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ስንት ነው?» ማለት ጨዋታውን ፈተና ያደርገዋል። የምታደርገውን ስም ስጪላት፤ «አዞርሽው... ጥጉ ነካ... አልገባም... ገለበጥሽው... አሁን ወደ ቤቱ ገባ።» ጠርዝ፣ ጥግ፣ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ሾጣጣ፣ ከላይ፣ ከሥር የሚሉት ቃላት በእጇ ካለው ነገር ጋር ሲሰሙ ይቀራሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ሌቪንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት 53 ልጆችን ልክ ልጅሽ ካለችበት ከ26 ወር አንሥቶ እስከ 46 ወር ድረስ በቤታቸው ተከታተሉ። ፐዝል ሲጫወቱ የታዩት ልጆች አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ቅርፆችን በሐሳብ አዙሮ የመግጠም ፈተና ላይ ካልተጫወቱት የተሻለ ውጤት አመጡ። ፐዝሉ ብቻውን ይህን አመጣ ብሎ ጥናቱ አያረጋግጥም፤ ፐዝል የሚጫወት ልጅ ያለበት ቤት ሌላም ብዙ ነገር ይኖረዋልና። እኔ ግን በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ አምናለሁ።

ስትወረውርስ? ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። አትጩሂባት፤ አብዛኛውን ጊዜ መወርወር «ከበደኝ» ወይም «በቃኝ» ማለት ነው። «እንጨት ሰው ያሳምማል፤ የሚወረወረው ኳስ ነው» ብለሽ ኳስ ስጪያት። ከደገመችው ያለ ቁጣ ሰሌዳውን አንሺና ለዚያን ቀን ይብቃ። አምስት ደቂቃውም አያሳዝንሽ። ለሁለት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ሙሉ በአንድ ነገር ላይ መቆየት ትልቅ ሥራ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ከሆነ ለጊዜው ይበቃል።

አሁን ከባዱ፣ «ስልክ» የሚለው ለቅሶ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እየሠራሽ ይመስለኛል። ስልክ ስትጠይቅሽ ፐዝል አትስጫት። በለቅሶ መሃል የቀረበላት ፐዝል ስልኳን የወሰደባት ጠላት ይሆንባታል። የፐዝሉ ሰዓት ለብቻው ይሁን፤ ስልኩም ለብቻው የራሱ ሰዓት ይኑረው፣ አጭርና በየቀኑ አንድ ዓይነት፤ የሚያበቃውም አንቺ ስለከለከልሻት ሳይሆን ሰዓቱ ስላለቀ እንደሆነ ትልመድ። ከዚያ ውጭ ከዓይኗ ይጥፋ፤ ያንቺም ስልክ ጭምር። ከጎኗ ተቀምጠሽ ስልክሽ ሲበራ ዓይንሽ ወዴት እንደሚሄድ እሷ ከማንም ቀድማ ታያለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደክሙሻል። ለቅሶዋ ከመቀነሱ በፊት ሊብስ ይችላል። ከሃያ ደቂቃ ለቅሶ በኋላ ከሰጠሻት የተማረችው ሃያ ደቂቃ ማልቀስ እንደሚያዋጣ ነው፤ ስለዚህ የማትጸኚበትን ነገር አስቀድመሽ «አይሆንም» አትበዪ። እቀፊያት፣ «ስልኩን ፈልገሽ ነበር፣ አዝነሻል» በያት፣ አብረሻት ቆዪ። ሥራ ኖሮብሽ አጠገቧ መቀመጥ የማትችዪበት ሰዓት እንዳለም አውቃለሁ። ለዚያ ሰዓት ፐዝል ገና አይደርስልሽም፤ ሞግዚት አይደለም። ክዳን ያላቸው ዕቃዎች፣ ጨርቅ፣ ባዶ ካርቶን የሞላበት ሣጥን እግርሽ ሥር አስቀምጪላት፣ አንቺም እየሠራሽ አውሪያት። አንዳንድ ቀን ከዚህ ሁሉ በኋላ ስልኩን ብትሰጫትም ነገ ከጀመርሽበት ቀጥዪ።

ለባለቤትሽ ጥናት አታንብቢለት። ማታ ማታ አንድ ጊዜ እሱ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ክቡን ስታስገባ እሱ ይያት። አንቺ ከምታስረጂው ያ ይበልጥበታል። ስልኩን በተመለከተ ግን የሁለታችሁ ቃል አንድ ካልሆነ ሁሉም ይፈርሳል።

ስለ ዕቃው ደኅንነት በአጭሩ፤ የሶፍት ጥቅል መሃል ያለው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ቁራጭ ሁሉ ሊያንቃት ይችላልና ከቤት ይውጣ። እጀታዎቹን ጎትተሽ ሞክሪ፣ የላላ ካለ አስወግጂ። ማግኔት ያለበት የዓሣ ማጥመጃ ፐዝል ለዚህ ዕድሜ አትግዢ፤ ሁለት ማግኔት ከተዋጠ በአንጀት ግድግዳ መሃል ተሳስቦ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቀለሙ የሚላጥ፣ ሽታው የሚከረፋ ከሆነ አትስጫት፤ አሮጌ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ቀለም ውስጥ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ስንጥር ካለው በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ስታጸጂ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወዲያው አድርቂው፤ ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ እንጨት ያብጥና ቤቱ አልገባ ይላል።

የጠፋችው ሦስት ማዕዘንም እንዲሁ አትቅር፤ ባዶ የቀረ ቦታ ልጅን ያናድዳል። በጎድጓዳው ቦታ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፊና ጠርዙን በእርሳስ ጎን አሸት አሸት አድርጊው፤ ቅርፁ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። በዚያ ልክ ወፍራም ካርቶን ቅረጪ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጠበብ አድርጊው። የእንጨቱን ውፍረት እስኪያክል ሁለት ሦስቱን በኮላ ደራርቢና ክብደት ጭነሽበት እስኪደርቅ ይደር። ወደ አፏ ስለምትወስድ አጠገቧ ሆነሽ ስጪያት፣ ሲረጥብ በሌላ ቀይሪው። ስትቆርጪ ከጎንሽ ትቀመጥ፣ ትይ። ሲደርቅ ግን ቤቷን አንቺ እንዳትፈትሺላት፤ ይግባ አይግባ መጀመሪያ እሷ ትሞክረው።